የሆስፒታል የሥነ ምግባር ኮሚቴ መሥራት አለመሥራቱን በምን እንለካ? መንገዶቹ ጎን ለጎን

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ መካከለኛ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። በሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥም ዓመታት ተቀምጫለሁ። በየዓመቱ መጨረሻ አንድ ገጽ ሪፖርት ይቀርብልናል። አንዱ ዓመት ላይ ሪፖርቱ እንዲህ ይል ነበር፦ «የቀረቡ ኬዞች 7፤ የተፈቱ 7።» ሁሉም ደስ አለው። ሰብሳቢው አመሰገኑን። ተጨባብጠን ወደየሥራችን ተበተንን።

እኔ ግን ከሰባቱ አንዱን በቅርብ አውቀው ነበር። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬ ልንገራችሁ። የሀገራችን ሰው ናቸው፤ ሰባውን ያለፉ እናት። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ነበሩ። ወንዱ ልጃቸው «የሚቻለው ሁሉ እስከ መጨረሻው ይደረግላት» ይላል። ሴቷ ልጃቸው ደግሞ «እማዬ በማሽን መኖር አትፈልግም ነበር፤ ስንቴ ነግራኛለች» ትላለች። በጽሑፍ የተሰጠ ውክልና የለም። ሐኪሙ ለኮሚቴው ጥያቄ የላከው ሐሙስ ማታ ነው። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ማክሰኞ ነው። እናትየዋ እሑድ ሌሊት አረፉ። ማክሰኞ ዕለት ኬዙ «ተፈታ» ተብሎ ተዘጋ።

ማንም አልዋሸም። እናትየዋ ካረፉ ወዲያ የሚፈታ ነገር አልነበረም። ግን «7 ከ7» የሚለው ቁጥር ስለ እኛ ሥራ ምንም አይናገርም። ኮሚቴ መጥቀም አለመጥቀሙ በምን እንደሚታወቅ ማንበብና ሰው መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ያገኘሁትን እዚህ አስቀምጣለሁ። ኮሚቴ ውስጥ ላላችሁ፣ አዲስ ልታቋቁሙ ለተነሳችሁ፣ ወይም ዘመድ ታሞባችሁ «ይሄ ኮሚቴ የሚሉት ነገር ይረባል?» ለምትሉ ነው።

መጀመሪያ የቱ ኮሚቴ እንደሆነ እንለይ

በሀገራችን «የሥነ ምግባር» የሚል ስም ያለው ነገር ብዙ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክፍል አለ። የምርምር ፕሮፖዛል አይቶ የሚፈቅድ ወይም የሚመልስ የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። በባለሙያ ላይ የቀረበ የሕክምና ስህተት አቤቱታ የሚመረምርም አለ። ሦስቱም ትልቅ ሥራ ነው፤ እዚህ የማወራው ግን ስለነሱ አይደለም።

የማወራው ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ስለሚመጣው ኮሚቴ ነው። ማሽኑ ይነቀል ወይስ ይቀጥል? እናትየው በሽታዋን ታውቅ ወይስ ቤተሰቡ እንዳለው ይደበቃት? ራሱን የማያውቅ ሰው ሲሆን ማን ይወስንለት? እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሳ ይጠራል። አይቀጣም። ብዙ ጊዜ ምክር ከመስጠት ያለፈ ሥልጣንም የለውም። ለዚህ ነው መለኪያ የሚቸግረው። አቤቱታ መርማሪው ስንት መዝገብ ዘጋ ብለህ ትለካዋለህ። መካሪን በምን ትለካዋለህ?

የመጣበትን መንገድ ባጭሩ ላስታውስ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲያትል ውስጥ የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ለጥቂት ሰው ብቻ ይበቃ ነበር። ማን ማሽኑን አግኝቶ ይኑር የሚለውን የሚወስን ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ነገሩ በ1962 በመጽሔት ሲወጣ ሕዝቡ ደነገጠ። ሥራ አለው ወይ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ወይ እየተባለ ነበር የሚመረጠው። በ1976 ደግሞ የኒው ጀርሲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ራሷን በሳተችው ወጣት በካረን አን ኩዊንላን ጉዳይ ሲፈርድ፣ የመተንፈሻ ማሽን የመንቀል ውሳኔ በሆስፒታል ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይታይ አለ። ያኔ ኮሚቴ ያለው ሆስፒታል እጅግ ጥቂት ነበር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንኳ ከመቶ አንዱ ቢሆን ነው። ሜሪላንድ በ1987 ሆስፒታሎች ኮሚቴ እንዲኖራቸው በሕግ አስገደደች። በ2007 የታተመ ሀገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ከመቶ 81ዱ የአሜሪካ ሆስፒታሎች እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ አካል እንዳላቸው አገኘ። ከ400 አልጋ በላይ ያላቸው ሁሉም አላቸው።

መኖሩ እንግዲህ ጥያቄ አይደለም። ለወጉ ያህል ነው ያለው ወይስ ይሠራል? ጥያቄው እሱ ነው።

መቁጠር

ከሁሉ የሚቀለው ይሄ ነው። ስንት ጥያቄ መጣ? ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። የ2007ቱ ጥናት መካከለኛው ቁጥር በዓመት ሦስት ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ሦስት ሰው ብቻ ነው በዓመት ውስጥ ግራ የተጋባው? ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለው ሆስፒታል ውስጥ ሠርቶ ይህን የሚያምን ያለ አይመስለኝም።

ቁጥሩ በጣም ሲያንስ አንድ ነገር ይነግረናል። ወይ ሠራተኛው ኮሚቴው መኖሩን አያውቅም፣ ወይ መጥራት ያስፈራል። ሲጨምር ግን ግራ ነው። ሰው ኮሚቴውን አምኖ ይሆናል፤ በየክፍሉ ጭቅጭቅ በዝቶም ይሆናል።

መቁጠር የሚጠቅመው «ማን ጠራ?» ብለን ስንከፋፍለው ነው። እኔ የእነዚያን ሰባት ኬዞች ፎርም አውጥቼ አየሁ። «ጠያቂ» የሚለው ቦታ ላይ ሰባቱም ሐኪም ናቸው። አንድ ነርስ የለም። አንድ የቤተሰብ አባል የለም። የሜሪላንድ ሕግ ግን ነርሷም፣ ሶሻል ወርከሩም (ማኅበራዊ ሠራተኛው)፣ ሕመምተኛውም፣ ቤተሰቡም እንዲጠሩ ይፈቅዳል። እኔ ራሴ በሌሊት ሺፍት ስንቴ «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ብዬ ዝም ብያለሁ! ኮሚቴው ውስጥ ያለሁ ሰው ካልጠራሁ ሌላው እንዴት ይጥራ? ያ ባዶ ቦታ ከጠቅላላ ድምሩ ይልቅ ብዙ አስተማረኝ።

ሰው መጠየቅ

ሁለተኛው መንገድ መጠይቅ መላክ ነው። «ጠቅሞዎታል? ረክተዋል?» በ2003 በታተመ ትልቅ ጥናት ከተጠየቁት ነርሶች፣ ሐኪሞችና ቤተሰቦች 87 ከመቶዎቹ ጠቅሞናል ብለዋል። ደስ ይላል። ግን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ በጭንቅ ሰዓት አብሮህ የተቀመጠን ሰው ክፉ መናገር ይከብዳል። እኛ ደግሞ ይሉኝታ አለብን። የሀገራችንን ቤተሰብ ብትጠይቁት መልሱ የታወቀ ነው፦ «እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ደህና ነበሩ።» ውስጡ እያረረም ይለዋል። ሁለተኛ፣ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው የሚላከው። ሦስተኛ፣ ያልረካ ሰው መኖሩ ሁልጊዜ ክፉ ምልክት አይደለም። ሐኪሙ ኮሚቴውን የጠራው ቤተሰቡን እንዲያሳምንለት ከሆነና ኮሚቴው «ቤተሰቡ ልክ ነው» ካለ፣ ሐኪሙ ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣል። ኮሚቴው ግን ሥራውን ሠርቷል።

ስለዚህ የምትጠይቁ ከሆነ ስለ መርካት አትጠይቁ። የሆነውን ነገር ጠይቁ። «ሐሳብዎን ጨርሰው የሚናገሩበት ጊዜ አገኙ?» «በመጨረሻ ውሳኔው የማን እንደሆነ ገባዎት?» «አስተርጓሚ ነበር ወይስ ልጅዎ ነው ያስተረጎመው?» «ኮሚቴው ያለውን ማን ነገረዎት?» እንዲህ ላለው ጥያቄ ይሉኝታ ብዙ አይገባበትም፤ መልሱ የሆነው ነገር ብቻ ነው። ሰዓቱንም ምረጡ። የኛ ሰው ለቅሶ ላይ እያለ ወረቀት አይላክለትም። ከአርባው በኋላ በስልክ፣ በቋንቋው፣ ቢሆን ሴት በሆነች ሠራተኛ። እኔ ያየሁት እንዲህ ሲሆን ሰው ይናገራል።

ቀንና ገንዘብ መለካት

አስተዳደሩ የሚወደው ይሄ ነው። ኮሚቴው ከመጣ በኋላ ሕመምተኛው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ስንት ቀን ቆየ? በማሽን ላይስ?

ትልቁ ማስረጃ ያው የ2003ቱ ጥናት ነው። በሰባት ሆስፒታሎች 551 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የሥነ ምግባር ምክር ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ በተለመደው መንገድ ታከሙ። የሞት መጠን አልተለየም። ነገር ግን ከሆስፒታል ሳይወጡ ከሞቱት መካከል ምክር ያገኙት በሆስፒታል ሦስት ቀን ገደማ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደግሞ አንድ ቀን ተኩል ያህል አነስ ያለ ቆይታ ነበራቸው። ማለትም መሞታቸው ካልቀረ ሰዎች ላይ የማይጠቅም ሕክምና ቀነሰ፤ የሚድን ሰው ግን አልተጎዳም። ጥሩ ውጤት ነው።

ከዚያ በ2014 ሌላ ሙከራ ወጣ። እዚያ ኮሚቴው እስኪጠራ አልተጠበቀም፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አምስት ቀን ለሞላቸው ሕመምተኞች አስቀድሞ ሄደ። በቀን ቁጥር ላይ ለውጥ አልተገኘም። በ2019 ደግሞ ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት፣ ጥናቶቹን አየና፣ ማስረጃው ይሠራል ወይም አይሠራም ለማለት እንኳ አይበቃም ብሎ ደመደመ።

እኔ ይህን መለኪያ ዋና አድርጎ መያዝን እቃወማለሁ። ማስረጃው ደካማ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የባሰው ኮሚቴውን የሚያደርገው ነገር ነው። ቀን በማሳጠር የሚመሰገን ኮሚቴ ቀስ በቀስ አልጋ አስለቃቂ ይሆናል። ቤተሰቡ ደግሞ ከመጀመሪያውም ይጠረጥራል። «አልጋውን ፈልገውት ነው» የሚለውን ቃል በአማርኛ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። አንዳንድ እናት ልጇ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ሦስት ቀን ተጨማሪ በማሽን መቆየቷ ልክ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ግን ውድቀት ሆኖ ይመዘገባል።

ኮሚቴው ምክር ብቻ ሳይሆን ሥልጣንም በሚኖረው ቦታ ነገሩ ይከብዳል። ቴክሳስ በ1999 ያወጣችው ሕግ፣ ኮሚቴው ሕክምናው አይገባም ካለ ቤተሰቡ ሌላ ሆስፒታል ለመፈለግ 10 ቀን ብቻ ይሰጠው ነበር። በ2023 ወደ 25 ቀን ከፍ ተደረገ። እንዲህ ያለ ቦታ ብሆን ከቀንና ከገንዘብ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ኮሚቴው ከሐኪሙ ጋር ያልተስማማበት ጊዜ አለ ወይ? ከሌለ ማኅተም ብቻ ነው።

«ተስማሙ» የሚለው ሳጥን

ብዙ ኮሚቴ መጨረሻ ላይ ወገኖቹ ተስማምተዋል ወይ የሚል ሳጥን አለው። ምልክት ከተደረገበት ተሳክቷል ይባላል። እኛ ሽምግልና የምናውቅ ሰዎች ይህን በቀላሉ ማለፍ የለብንም። ጥሩ ሽማግሌ አለ፣ ደካማዋን ወገን «በቃ አንቺ ቻይው» ብሎ የሚያስታርቅም አለ። ሁለቱም ቤት እርቅ ወርዷል፤ ሁለቱም ቤት ጫማ ተስሟል። ልዩነቱ ከእርቁ በፊት ማን ተናገረ፣ ማን ዝም ተባለ የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ከሳጥኑ ጎን አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ሐሳቡን የቀየረው ማን ነው? በምን ምክንያት?» ሁልጊዜ የሚቀይረው ቤተሰቡ ከሆነ ሊታሰብበት ይገባል።

አባላቱን ማየት

ስለ አባላቱ ብዙ አልልም። ሐኪም፣ ነርስ፣ ሶሻል ወርከር፣ ከአስተዳደር አንድ ሰው፤ የሜሪላንድ ሕግ ቢያንስ እነዚህን ይጠይቃል። ከሕብረተሰቡና ከሃይማኖት አባቶችም መጨመር ይቻላል። ሥልጠናም ሌላው ነው። በ2007ቱ ጥናት ምክር ከሚሰጡት መካከል በዘርፉ ዲግሪ ወይም ፌሎሺፕ (ከፍ ያለ ልዩ ሥልጠና) ያላቸው 5 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2018 ወዲህ በአሜሪካ የሙያ ማረጋገጫ ፈተና አለ። ይሄ ሁሉ ድስቱና ምድጃው መኖሩን ያሳያል፤ ወጡ ምን እንደሚል አያሳይም።

የተጻፈውን ማንበብ

እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። ከሌላው ሁሉ ያስለፋል፤ ከሌላው ሁሉ ግን ያስተምራል።

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ለዚህ የሚሆን ማንበቢያ አዘጋጅተዋል። ኮሚቴው በካርዱ ላይ የጻፈው ማስታወሻ በአራት ነገር ይታያል። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ በግልጽ ተቀምጧል? የሚያስፈልገው መረጃ ተሰብስቧል? ምክንያቱ ተብራርቷል? ምክሩ ከምክንያቱ ይከተላል? ከዚያ በድምሩ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል።

በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። የእኚያን እናት ፋይል ከፍቼ ስመለከት የተጻፈው ይሄ ብቻ ነበር፦ «ቤተሰብ አልተስማማም። ኮሚቴ ማክሰኞ ይመለከተዋል።» ጥያቄ የለውም። ማን ምን እንዳለ የለውም። ሴት ልጃቸው ከእናቷ የሰማችው ቃል የለም። እናትየዋ ምን ያምኑ እንደነበር የለም።

እንዲህ ቢሆንስ ኖሮ? «ሕመምተኛዋ ራሳቸውን አያውቁም፤ ውክልናም አልሰጡም። እኩል መብት ያላቸው ሁለት ልጆች ስለ ማሽኑ ተለያይተዋል። እናትየዋ ራሳቸው ምን ይፈልጉ እንደነበር በምን እናውቃለን?» እዚህ ላይ ምን መሠራት እንዳለበት ራሱ ይታያል። የነፍስ አባታቸውን ማነጋገር። ሁለቱን ልጆች ለየብቻ፣ በአማርኛ መስማት። በሜሪላንድ ሕግ እኩል መብት ያላቸው ዘመዶች ሲለያዩ ሐኪሙ ጉዳዩን ለዚህ ኮሚቴ መምራት አለበት፤ ስለዚህ ሐሙስ ማታ የመጣው ጥያቄ ማክሰኞን የሚጠብቅ አልነበረም።

ጉድለቱንም ልናገር። ጥሩ የሚጽፍ ሰው መጥፎ ውይይትን አሳምሮ ሊጽፈው ይችላል። አንባቢና አንባቢም ይለያያል፤ እኔ 3 የሰጠሁትን ሌላው 1 ይሰጠዋል። መፍትሔው ሁለት ሰው ለየብቻ አንብቦ ነጥብ ሰጥቶ፣ ከዚያ ስለ ልዩነቱ ማውራት ነው። ከሁለቱ አንዱ ኬዙ ላይ ያልነበረ፣ ቢቻል ከሌላ ሆስፒታል የመጣ ቢሆን ይመረጣል። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ የተማርኩት ነጥቡ ሲለያይ በተነሳው ክርክር ነው።

እንግዲህ የቱን ትይዙ?

በዓመት ከአሥር ያነሰ ኬዝ ካላችሁ ፐርሰንት አትሥሩ። ከሰባት ላይ ፐርሰንት ማውጣት ራስን ማታለል ነው። ሁሉንም ፋይል አውጥታችሁ አንብቡ። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

ብዙ ኬዝ ካላችሁ ከመቁጠር ሁለት ነገር ውሰዱ፦ ማን ጠራ፣ እና ከጥሪው እስከ መጀመሪያው ጉብኝት ስንት ሰዓት አለፈ። ከዚያ ጥቂት ፋይሎችን በዕጣ አውጥታችሁ አንብቡ። የሚያምረውን መርጣችሁ አይሁን፤ በዕጣ።

ኢትዮጵያ ውስጥ አዲስ ለምትጀምሩ ሌላ ነገር ላንሳ። እዚያ አስታማሚው የሕክምናው አካል ነው። የሚመግበው፣ የሚያጥበው፣ መድኃኒት ገዝቶ የሚሮጠው እሱ ነው። አብዛኛው ጭንቀት ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው፤ መሬት ይሸጥ ወይስ ወደ ቤት እንውሰዳቸው? የአሜሪካ መጠይቅ ይህን አይጠይቅም። ስለዚህ ቅጂ አትውሰዱ። ለመጀመሪያው ዓመት የሰዓቱን መዝገብና የተጻፈውን ማንበብ ያዙ፣ አስታማሚዎችንም አነጋግሩ። እና ኮሚቴውን ከአቤቱታ መርማሪው በስምም በክፍልም ለዩት። ካልተለየ ነርሶች እንደ ክስ ቆጥረውት አይጠሩም።

አስተዳደሩ «ገንዘብ ያድናል ወይ?» ካላችሁ የ2003ቱን ጥናት አሳዩ፣ የ2014ቱንም አብራችሁ አሳዩ። የማታውቁትን ቃል አትግቡ።

እኛ ጋ የተለወጠው ይሄ ነው። ማክሰኞን አንጠብቅም፤ ሁለት ተረኛ አባላት አሉ፤ በማግስቱ አልጋው አጠገብ ይደርሳሉ። «ተፈታ» የሚለው ሳጥን ከፎርሙ ወጥቷል። በቦታው «ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ ደርሰናል?» የሚል ገብቷል።

አንድ መስመር ደግሞ እኔ ለምኜ ያስገባሁት ነው። እናትየዋ ካረፉ ወራት በኋላ ሴቷን ልጃቸውን እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ አገኘኋት። እንጀራ እየገዛች ነበር። አወቀችኝ። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያ ኮሚቴ የሚባለው በመጨረሻ ምን አለ?» አለችኝ። እስካሁን መልስ እየጠበቀች ነበር። ከወንድሟ ጋርም ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ማንም አልደወለላትም ነበር።

አሁን በፎርሙ ግርጌ እንዲህ ይላል፦ «ለቤተሰቡ ማን ነገረ? በየትኛው ቀን? በምን ቋንቋ?» ባዶ ከሆነ ፋይሉ አይዘጋም።